አሮጌ ጥድ በማገዶ ዋጋ እስከ መቼ?

የዛሬው የቡናና የእህል ዋጋ እንደተለመደው ከሰዓት ይለጠፋል። እስከዚያ ስለ አንድ ሌላ ሸቀጥ እናውራ፤ ከፈረሰ ቤት ስለሚወጣ እንጨት። ምሰሶ፣ ቋሚ፣ ወራጅ፣ ጣውላ፣ በርና መስኮት። «ይኼ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሸቀጥ ሆነ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የኔም ነጥብ እሱ ነው፤ ሸቀጥ ሆኖ ሳለ እንደ ሸቀጥ አልያዝነውም።

ሐሳቤን ቀድሜ በአጭሩ ልናገር። ወልቂጤም ቡታጅራም፣ በየገጠሩም፣ ስንት ዘመን የቆየ ጥድና ዝግባ በማገዶ ዋጋ እየወጣ ነው። የረከሰው ሁለት ነገር ስላጣ ነው፦ ደረጃና መሸኛ። ቡና እነዚህን ሁለቱን ሲያጣ ዋጋው ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ያንኑ የምታውቁትን ነገር ወደ እንጨቱ ማዞር ነው የቀረው።

እንጨቱ ከየት ይመጣል?

አንደኛው ምንጭ ከተማው ነው። አዲስ አበባ ላይ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አካባቢው ሲፈርስ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ወዲህ የኮሪደር ልማቱ ወደ ክልል ከተሞችም ወርዷል። መንገድ ሲሰፋ የመንገድ ዳር ቤት ይነሣል። ማንም ሳይነካውም ባለቤቱ ራሱ የጭቃ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት ይሠራል። ቆርቆሮው በዚያው ቀን ገዢ ያገኛል። ብረታ ብረቱን ቁራሌው ይወስደዋል። በርና መስኮቱ አንዳንዴ ይሸጣል። የቀረው እንጨት ግን ግቢ ውስጥ ተከምሮ ዝናብ ይመታዋል፤ መጨረሻው ምድጃ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ገጠሩ ነው። ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ ሶዶ፣ መስቃን በሉት፣ ለመስቀል አገሩ የሚገባ ልጅ «ለአባቴ ቤት ልሥራለት» ይላል። የተመሰገነ ነገር ነው። ክቡ የሣር ቤት ይፈርስና ጀፎረው ዳር ባለ ቆርቆሮ ቤት ይቆማል። የጉራጌ ክብ ቤት ደግሞ እንዴት እንደሚቆም ታውቃላችሁ፤ መሐል ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ አለ፣ ከእሱ እንደ ጃንጥላ የሚዘረጉ እንጨቶች ጣሪያውን ይሸከማሉ። ያ ምሰሶ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ ዕቃ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ግን ከማገሩና ከጭራሮው ጋር አብሮ ይከመራል።

ሦስተኛው ምንጭ የእኛው የንግድ ዓለም ነው። ከውጭ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ ፓሌት፣ የማሽን ሣጥን፣ ግንባታ ላይ አገልግሎ የተጣለ የካሳፎርማ ጣውላ። ይኼኛው ጥራቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ብዛት ግን አለው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቀስ በቀስ ጉራጌ ራሱ የባሕር ዛፍ አገር ሆነ፤ አጠናና ቋሚ ለአዲስ አበባ ግንባታ እያቀረበ ስንት ቤተሰብ ልጆቹን አስተምሯል። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራ ቤት እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶ የምናገኘው አያቶቻችን ከሠሩት ቤት ውስጥ ነው። ቡና ዘንድሮ ባያፈራ ለከርሞ ያፈራል። የአያት ቤት ጥድ ግን አንዴ ከነደደ ለከርሞ አይደርስም። አዲስ ቢተከል እንኳ ለግንድ የሚበቃው ለልጅ ልጅ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ስንተክል ከርመናል፤ ደግ ነው። በአንድ እጅ ችግኝ እየተከሉ በሌላው እጅ የደረሰ ጥድ ምድጃ ውስጥ መክተት ግን ሒሳቡ አይገባኝም።

ለምን ረከሰ?

ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ ቡና ሊያስረክቡኝ ከነበሩ አንድ አባት ግቢ ሄጄ ነበር። አዲሱ ቤት አልቋል፣ የድሮው ፈርሶ አጥሩ ሥር ተከምሯል። አንድ የምግብ ቤት ሠራተኛ ክምሩን በጥቅል ተነጋግሮ በአይሱዙ እያስጫነ ነበር። ምሰሶው ከሥር ነው። በቢላዋ ፋቅ አድርጌ አሸተትኩት።

«አባባ፣ ይኼ እኮ ንጹሕ የሐበሻ ጥድ ነው» አልኳቸው።

«እሱማ ጥድ ነው ልጄ። አባቴ ናቸው ያስቆሙት። አሁን ግን አሮጌ ነው፣ ማን ይገዛዋል?»

መኪናው ሄደ። ለአዲሱ ቤት የተገዛው የኤምዲኤፍ በር ደግሞ ዘንድሮ ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ አብጧል፤ አይዘጋም። እኚህ ሰው ሞኝ አይደሉም። ቡና ላይ በአንድ ብር የሚከራከሩ ነጋዴ ናቸው። እንጨቱ ላይ ያልተከራከሩት የሚጠሩበት ዋጋ ስላልነበራቸው ነው።

በክምር የሚሸጥ ነገር ሁሉ ዋጋው የሚወርደው ወደ ክምሩ መጥፎ ክፍል ነው። ጤነኛ ቡና ውስጥ የተበላሸ ስትቀላቅሉ ገዢ የሚከፍላችሁ በተበላሸው ልክ ነው። እዚህም ያው ነው። ክምሩ ውስጥ 5 የጥድ ቋሚና 60 የበሰበሰ ማገር ካለ፣ ገዢው የሚያየው ማገሩን ነው። ጥዱ በነፃ ይሄዳል።

ደረጃ እናውጣለት

ማንም መሥሪያ ቤት እስኪያወጣልን መጠበቅ የለብንም። ገዢና ሻጭ በስልክ ሲያወሩ የሚግባቡበት ቀላል ነገር ይበቃል። እኔ ይህን አቀርባለሁ፦

1ኛ ደረጃ፦ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ። ርዝመቱ ከ2 ሜትር የማያንስ፣ ቀጥ ያለ፣ ያልተሰነጠቀ፣ ምስጥና ነቀዝ ያልገባው። ለወለል፣ ለበር፣ ለደረጃ፣ ለጠረጴዛ ይሆናል።

2ኛ ደረጃ፦ ዓይነቱ ያው ሆኖ አጠር ያለ፣ የምስማር ቀዳዳ የበዛበት ወይም ላዩ ብቻ የተጎዳ፤ ሲጠረብ ቢያንስ 1 ሜትር ጤነኛ የሚወጣው። ለመደርደሪያ፣ ለወንበር፣ ለግድግዳ ልባስ ይሆናል።

3ኛ ደረጃ፦ ጤነኛ ባሕር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ የፓሌትና የካሳፎርማ ጣውላ። ለርብራብ፣ ለአጥር፣ ለሣጥን ይሆናል።

ከደረጃ ውጭ፦ የበሰበሰ፣ ምስጥ የጨረሰው፣ የሞተር ዘይት የጠጣ፣ ኬሚካል የተነከረ። የበሰበሰው ማገዶ ይሁን። ኬሚካል ያለበት ግን ማገዶም አይሁን፤ ጢሱ መርዝ ነው፣ እንጀራ ሊጋገርበት ቀርቶ ደጅ ላይም መንደድ የለበትም።

ቅምሻውስ? እንጨትም የራሱ ቅምሻ አለው። የሐበሻ ጥድ ስትፍቁት ልቡ ቀላ ይላል፣ አዲስ እንደተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። በእርግጥም በውጭው ዓለም እርሳስ ሲሠራበት የኖረ እንጨት ነው። ከፈረንጅ ጥድ ጋር አታምታቱት፤ ስማቸው ተመሳሰለ እንጂ አንድ አይደሉም። የሐበሻው ልቡ ምስጥን ይቋቋማል። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ለጣውላ ተወዳዳሪ የለውም፤ መሬት ውስጥ ከቀበሩት ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ወይራ በክብደቱ ይታወቃል። ዋንዛ ቀለል ይላል፣ ለቤት ዕቃ የሚወደደውም ለዚህ ነው።

ጤንነቱን ለማወቅ ጩቤና ጆሮ ይበቃችኋል። ጩቤው እንደ ቂጣ ከገባ በስብሷል። በመዶሻ ጫፍ መታ ስታደርጉት ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ባዶ ነው። ከቀዳዳው ደቃቅ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ነቀዙ አሁንም በሕይወት አለ።

አሮጌ እንጨት ከአዲሱ የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ነገር ድርቀቱ ነው። ለቡና 11.5 በመቶ እርጥበት እንዴት እንደሚያስጨንቀን ታውቃላችሁ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሰንጥቀው ዛሬ በር ቢሠሩበት ከወር በኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የድሮ ቤት እንጨት ግን ከምድጃ በላይ ለአሥርት ዓመታት ደርቋል። የሚጣመመው ተጣሞ፣ የሚሰነጠቀው ተሰንጥቆ ጨርሷል። በአሜሪካ የድሮ ጎተራና ፋብሪካ እንጨት ከአዲስ ጣውላ በላይ የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀስ ብሎ ያደገ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ የረጋ እንጨት ዛሬ በእርሻ ደን አይገኝም።

ሩቅ ሳንሄድ፣ አዲስ አበባ ያለው ጣይቱ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ጥር 2007 ዓ.ም. ላይ ከፊሉ በእሳት ተጎድቶ ተጠገነ። የእንጨት ወለሉና ደረጃው ግን ዛሬም የእንግዳ ኮቴ ይሸከማል። ሰው እዚያ የሚሄደው ለቡናው ብቻ አይደለም።

ዋጋው እንዴት ይሰላ?

ጀንፈል ስትገዙ የምታስቡት ከጀንፈሉ ምን ያህል ንጹሕ ቡና እንደሚወጣ ነው። ግማሽ አካባቢ ይወጣል ብላችሁ ወደኋላ ታሰላላችሁ። እንጨትም በዚሁ ይሰላል። የሚከተለው ቁጥር ለምሳሌ ብቻ ነው፣ የገበያ ዋጋ እንዳይመስላችሁ፦

ተመሳሳይ አዲስ ጣውላ 100 ብር ነው እንበል። ከአሮጌው እንጨት ተጠርቦ ጤነኛ የሚወጣው 60 በመቶ ነው እንበል፤ ስለዚህ 60 ብር። ምስማር መንቀያና ፒያላ 15 ብር። ማጓጓዣ 10 ብር። የቀረው 35 ብር ነው። ያው እንጨት በማገዶ ቢሸጥ 10 ብር ያወጣል እንበል። እንግዲህ የባለቤቱና የገዢው ክርክር ያለው በ10 እና በ35 መካከል ነው። ዛሬ ባለቤቱ 10 ይዞ ይሄዳል፤ 25ቱ ወይ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፣ ወይ ለአዋቂ ገዢ ይተርፋል።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ አፈራረሱ ዋጋ ይወስናል። በዶማና በመጥረቢያ የፈረሰ ቤት እንጨቱ ይሰበራል፤ 60 የነበረው 30 ይሆናል። ከጣሪያ ጀምሮ በላይ በላዩ የተነቀለ ቤት ግን እንጨቱን በሙሉ ርዝመቱ ይሰጣል። ቡናን ቀዩን ብቻ እየመረጡ መልቀምና ቅርንጫፉን ጠርጎ ማውረድ ልዩነቱን ታውቃላችሁ። ሁለተኛ፣ ማጓጓዣው ዋጋውን ይበላዋል። ወልቂጤ ያለው እንጨት ወልቂጤ፣ ቡታጅራ ያለው ቡታጅራ ቢሠራ ይሻላል። ጥሬውን ጭኖ አዲስ አበባ ከመውሰድ ጠረጴዛ አድርጎ መላክ ያዋጣል። እሴት መጨመር እያልን በየስብሰባው የምናወራው ይኼንኑ አይደል?

ያለ መሸኛ አይሆንም

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ደረጃ ብቻ ካወጣን ጉዳት እናመጣለን። ለምን? አሮጌ ጥድ ዋጋ ካወጣ፣ ትናንት የተቆረጠ ጥድም «አሮጌ ነው» ተብሎ ይጫናል።

ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶ በሕግ ጥበቃ ሲደረግላቸው የቆዩ ዛፎች ናቸው፤ የ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 አራቱን በስም ጠርቷቸዋል። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። የደን ውጤት ጭኖ ኬላ ላይ ያለ ወረቀት ማለፍ አይቻልም፤ መሆንም የለበትም። ዛሬ ግን ሐቀኛው ሰው የአባቱን ቤት ምሰሶ ጭኖ ኬላ ላይ ይያዛል፣ ሌባው በሌሊት በሌላ መንገድ ያልፋል። ሹፌሮች «ጥድ አልጭንም» የሚሉት ወደው አይደለም። ገዢ የሚሸሸውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ዋጋውን ወደ ማገዶ የሚያወርደው አንዱ ነገር ይኼ ፍርሃት ነው።

መፍትሔው ከቡናው የተለየ አይደለም። ቤት ሲፈርስ ቀበሌው ያውቃል፤ ከተማ ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱ ያውቃል። በዚያው ጊዜ አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጥ፦ የማን ቤት፣ የት፣ መቼ ፈረሰ፣ ስንት እንጨት፣ ዓይነቱና ርዝመቱ። የደን ጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ያክልበት። ኬላ ላይ የቆመውም ሰው ዕድሜ መለየት አያቅተውም፤ አሮጌ እንጨት የምስማር ቀዳዳ፣ ጥላሸት፣ የመጥረቢያ ጠባሳ አለው፤ ትኩስ እንጨት እርጥበትና ሙጫ አለው።

ከቡናው ታሪክ አንድ ትምህርት እንውሰድ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምርና ቡና ቀጥሎ ሲገባበት ደረጃው ጠራ፣ ክፍያው ፈጠነ። መነሻው ግን ከጆንያው ላይ ጠፋ፤ የአንዱ ገበሬ ቡና ከሌላው ጋር ተቀላቀለ። «የማን ቡና ነው?» የሚል ገዢ መልስ አጣ። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1051 ነገሩ መስተካከል ጀመረ። እንጨቱ ላይ ያንን ዙር ድጋሚ መሄድ የለብንም። ደረጃና መነሻ ከመጀመሪያው አብረው ይሂዱ።

ላኪዎች ደግሞ ይህን ስሙኝ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ እያላችሁ እንቅልፍ ያጣችሁበት ሕግ ሰባት ነገሮችን ይነካል፦ ከብት፣ ካካዎ፣ ቡና፣ የፓልም ዘይት፣ ጎማ፣ አኩሪ አተርና እንጨት። ቡናና እንጨት አንድ ዝርዝር ላይ ናቸው። መቁረጫ ቀኑም ለሁለቱም አንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020። የሚጀመርበት ቀን ሁለቴ ቢገፋም ሕጉ አለ። ይኸው ሕግ አንድ በር ትቷል፦ ዕድሜውን ጨርሶ ቆሻሻ ሊሆን ከነበረ ዕቃ ብቻ የተሠራ ምርት ከግዴታው ውጭ ነው። ነገ ከወልቂጤ ጠረጴዛ እንላካለን እያልኩ አይደለም። ግን ደንበኛችሁ ከሐምቡርግ መጥቶ «ደን አልነካችሁም ወይ?» ሲላችሁ፣ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ከፈረሰ ቤት የተሠራ መሆኑን በወረቀት ማሳየት ራሱን የቻለ መልስ ነው።

መጋዘን ውስጥ ጥንቃቄ

ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ነገ ጠዋት አሮጌ እንጨት ወደ ቡና መጋዘን እንዳትጭኑ አደራ። ቡና ሽታ ይስባል። የድሮ ቤት እንጨት ጢስ ጠጥቷል፤ ላዩ በፒያላ ሳይነሣለት ቡና ሥር ከተነጠፈ ቅምሻ ላይ ጢሱን ታገኙታላችሁ። የሞተር ዘይት የተቀባ እንጨትም እንደዚያው። የተጣለ የመብራት ምሰሶ እንዳይበሰብስ በኬሚካል የተነከረ ነውና ወደ መጋዘንም ወደ መኖሪያ ቤትም አይግባ።

ፓሌት ከሆነ ማኅተሙን እዩ። የስንዴ ዘለላ ምልክት ካለው ዓለም አቀፍ ሕክምናውን ያለፈ ነው። «ኤችቲ» የሚሉት የላቲን ፊደላት በሙቀት የታከመ ማለት ነው፤ የእንጨቱ ልብ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 30 ደቂቃ ቆይቷል። «ኤምቢ» የሚለው ግን ሚታይል ብሮማይድ በሚባል ጋዝ የታጠነ ነው፤ እሱን ለቤት ዕቃም ለምግብ መጋዘንም አትጠቀሙበት።

እህል ያላችሁ ደግሞ ነቀዝ ያለበትን እንጨት አታስገቡ። የእህል ነቀዞች ሁሉ አንድ አይደሉም፤ ከእንጨት በሊታዎቹ ቤተሰብ የሆኑ አሉባቸው። የድሮ የዘይት ቀለም ያለበት በርና መስኮት ሲፋቅም አቧራው ውስጥ ሊድ ሊኖር ይችላል፤ ልጆች ባሉበት አይፋቅ፣ አናጢውም አፉን ይሸፍን።

ጣሪያ የሚሸከም እንጨትም በዓይን ብቻ አይወሰንም። ወለል፣ በር፣ ግድግዳ፣ ጠረጴዛ ላይ አሮጌውን በድፍረት እንጠቀም። ሸክም ያለበት ቦታ ላይ ግን መሐንዲስ ይየው።

«አሮጌ እንጨት ድህነት ነው» ለምትሉ

ይህን የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። «ሰው ሲያልፍለት አዲስ ነው የሚፈልገው» ይሉኛል። ገባኝ። ተቸግሮ ያደገ ሰው ጥላሸት ያለበት እንጨት ሲያይ ትዝ የሚለው ጥሩ ነገር ላይሆን ይችላል። ግን እኛ ጉራጌዎች ይህን ክርክር መርካቶ ላይ ድሮ ጨርሰነዋል። ምናለሽ ተራን የሠራው ማን ነው? ሌላው የጣለውን በርሜል ምድጃ፣ ሌላው የጣለውን ቆርቆሮ ባልዲ እያደረገ ከጉራጌና ከስልጤ የወጣ ስንት ሰው እዚያ ቤተሰብ አስተዳደረ። ያኔ ማንም «ድህነት ነው» ብሎ አላቆመም። እንጨት ላይ ስንደርስ ለምን እናፍራለን?

የሚያሳፍር ነገር ካለ ሌላ ነው። በእኛ አገር ምሰሶ አለዝበው የሚያቆሙ፣ እንጨት አይተው ዓይነቱንና ዕድሜውን የሚናገሩ የእጅ ባለሙያዎች በየዘመኑ ተገፍተው፣ መሬትና ጋብቻ ተከልክለው ኖረዋል። የሠሩትን ቤት ስናከብር እነሱን አላከበርንም። ዛሬ ይህ ንግድ ከተጀመረ መጀመሪያ የሚያስፈልገን የእነሱ ዓይን ነው። ስለዚህ ደረጃ መዳቢው ማን ይሁን ስትሉኝ መልሴ ቀላል ነው፤ እነሱና ልጆቻቸው ይሁኑ፣ እንደ ቡና ቀማሽም ይከፈላቸው።

ሌላው ስጋት «ዋጋ ከተሰጠው ሰው ጤነኛ የድሮ ቤት ማፍረስ ይጀምራል» የሚል ነው። እውነት አለው። ለዚህ ነው ወረቀቱ «ቤቱ ለምን ፈረሰ?» የሚል መስመር እንዲኖረው የምፈልገው። ቆሞ የሚያገለግል የአባት ቤት ከማንኛውም 1ኛ ደረጃ ጣውላ ይበልጣል። የምናወራው መፍረሱ ስለተወሰነ ቤት ብቻ ነው።

ማን ይጀምር?

ዩኒየኖች ጀምሩ። ዘንድሮ ቢሮ ወይም የቡና መቅመሻ ክፍል የምታሠሩ አላችሁ። የመሰብሰቢያ ጠረጴዛውንና የግድግዳ ልባሱን ከአባሎቻችሁ የፈረሰ ቤት በወጣ እንጨት አሠሩት። ገንዘቡ ለአባሉ ይገባል፤ እንግዳ ሲመጣም የምታወሩት ታሪክ ይኖራችኋል።

ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ ካፌና ሆቴል የምትከፍቱ፣ ከውጭ የመጣ ቺፑድ ከመለጠፋችሁ በፊት የአንድ የፈረሰ ቤት ክምር ሂዱና እዩ። የእንጨት ሥራ ቤት ያላችሁ፣ ምስማር የሚነቅሉ ሁለት ልጆች ቅጠሩ፤ መጋዛችሁን የሚሰብረው የተረሳ ምስማር ስለሆነ ደመወዛቸውን ያወጣሉ። ማዘጋጃ ቤቶች፣ ለማፍረስ ጨረታ ስታወጡ «እንጨቱ ሳይሰበር ይነቀል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ወጪ የለውም።

የገጠሩ ሰው ደግሞ ቢያንስ ይህን ያድርግ፦ ቤት ሲፈርስ እንጨቱን ከመሬት ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ ይደርድረው፣ በአሮጌ ቆርቆሮ ይሸፍነው፣ ጥዱን ከማገሩ ይለየው። ይህን ብቻ በማድረግ በክምር ከመሸጥ ወጣ ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ቻናል በኩል ድርሻችንን እንወስዳለን። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ከበርበሬውና ከበቆሎው ዋጋ ሥር አንድ መስመር እንጨምራለን፦ «አሮጌ እንጨት፣ ወልቂጤ / ቡታጅራ»። ሻጭ የሆናችሁ ዓይነቱን፣ ርዝመቱን፣ ውፍረቱን፣ ስንት ፍሬ እንደሆነ፣ ቦታውንና የቀበሌ ወረቀት መኖር አለመኖሩን ከሁለት ፎቶ ጋር ላኩልን፤ አንዱ ፎቶ የተፋቀውን ልቡን የሚያሳይ ይሁን። ገዢዎች የምትፈልጉትን ደረጃና የምትከፍሉትን ላኩ። ወረቀት የሌለው ጥድ አንለጥፍም።

የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሦስት እንጨት ብቻ ቢመጣ ይበቃናል። ዋጋ የሚጀምረው አንድ ሰው ሲጠራው ነው።

ከሰዓት በቡናው ዋጋ እንገናኝ።